አሮጌ መኪና ልገዛ ነው፣ ሁለቴ ስሄድ ሁለቴም ሞተሩ ሙቅ ነበር

የመጀመሪያዬ
ሰላም ወገኖች፣ የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ነው፣ ያለኝ ገንዘብ ለአዲስ ስለማይበቃ አሮጌ እየፈለኩ ነው። ያገኘሁት በፈረንጅ የ2003 ሞዴል፣ ቤንዚን፣ ማኑዋል፣ ኪሎ ሜትሩ 118,000 ይላል። ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሞተሩም ተለቅልቆ ታጥቧል። ሁለቴ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ሁለቴም ስደርስ ሞተሩ ተነስቶ ነው የጠበቀኝ፣ ሰውየው "አሁን ገና ገባሁ" ነው የሚለኝ። ስነዳው ምንም አልተሰማኝም ግን እውነቱን ለመናገር እኔ ስለ መኪና የማውቀው መንዳት ብቻ ነው። ለመካኒክ ከመክፈሌ በፊት ራሴ ምን ምን ልይ? ቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ አለን።

ቴስታታ ያስወረደው
እህቴ ሁለቴም ሙቅ መሆኑ ነው እኔን ያላማረኝ። ሞተር ከሞቀ ብዙ ጉዱን ይደብቃል፣ አሮጌ መኪና የሚታየው አድሮ ቀዝቅዞ ነው። "እስክመጣ እንዳታስነሳው" በዪው፣ ስትደርሺ ሰላምታውን ሳትጨርሺ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ፣ ከሞቀ ሌላ ቀን ብለሽ ተመለሺ በቃ።

ከቀዘቀዘ ሳታስነሺ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺና ከስሩ እዪ፣ ነጣ ያለ ክሬም የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ጋ ተገናኝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ያልኩት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪናም በእርጥበት ክዳኑ ላይ ትንሽ ያሳያል፣ ስለዚህ የዘይት መለኪያውንም ምዘዢ፣ እሱም ላይ ካለ ነገር አለ። ራዲያተሩንም ያኔውኑ ክፈቺ (ሞቆ እያለ እንዳትሞክሪው፣ ፊትሽን ነው የሚቀቅልሽ)። ዘይት ከተንሳፈፈበት፣ ወይም ተነስቶ ትንሽ ከቆየ በኋላም ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው (ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ከስሩ ያለው ማሸጊያ)። እኔ ይሄን ሳላውቅ ገዝቼ በ3ኛው ሳምንት ቴስታታ አስወረድኩ፣ ስሜንም ከዛ ነው ያወጣሁት ሃሃ

ጋራዥ ያደገ
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ጭሱን ልጨምር። ስታስነሺ ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይልሽ። ጥቁር ነዳጅ በዝቶበት ነው። ነጭ ጠዋት ላይ ትንሽ እንፋሎት ወጥቶ ከጠፋ ምንም አይደለም፣ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመና ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ እየነደደ ነው። ሰማያዊ ዘይት ነው፣ እዚህ ጋ ግን ልዩነት አለ፦ አድሮ ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ (ቫልቩ ላይ ዘይት የሚይዘው ትንሽ ላስቲክ) ነው፣ እሱ ብዙም አያስፈራም። ነዳጅ በረገጥሽ ቁጥር የሚያጨስ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፒስተን ሪንግ (ፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ነው፣ ሞተር መውረዱ ነው። ሻጭ ደሞ ለሁለቱም "ጎሚኒ ነው" ነው የሚልሽ።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር የዳሽቦርድ መብራት ነው። ሞተር ሳታስነሺ ቁልፉን ስትከፍቺ የቼክ ኢንጂን፣ የኤርባግ፣ የኤቢኤስ መብራቶች መብራት አለባቸው፣ ከዛ ይጠፋሉ (ቼክ ኢንጂኑ ሞተሩ ሲነሳ ነው የሚጠፋው)። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውት ወይ ሸፍነውት ሊሆን ይችላል። መካኒኩም በስካነር አይቶ "ኮድ (መኪናው የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) የለም" ስላለሽ ብቻ እንዳትረጊ፣ ትናንት ማታ ያጠፋው ኮድ ዛሬ ላይታይ ይችላል፣ ግን ኮድ ሲጠፋ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሞኒተሮችም አብረው ወደ "አልተጠናቀቀም" ይመለሳሉ፣ እነሱን እይልኝ በዪው።

ቆጣሪ አላምንም
ከ20 ዓመት በላይ ለሆነው መኪና 118,000 ማለት በዓመት 6,000 እንኳን አይሞላም። ይሆናል፣ አይሆንም አልልም፣ ግን የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ፣ መሪው ተልጦ፣ የሹፌር ወንበር ጎኑ ተቀዶ ቆጣሪው ትንሽ ካለ እኔ ፔዳሉን ነው የማምነው። ጎማው ጎን ላይ ደሞ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ የ2019 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ሞልቷል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቢው፣ ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ካለ መኪናው ውሃ ገብቶበታል፣ ወንበር የሚያጥብ ሁሉ ቀበቶ አያጥብም። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋ አንድ በአንድ አመሳክሪ፣ ፊደልና ቁጥሩ ተደምሮ 17 ከሆነ አይ (I)፣ ኦ (O) እና ኪው (Q) የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በፍፁም አይገቡበትም፣ ካየሽ ሩጪ።

ስትነጂው በ4ኛ ማርሽ ዝግ ብለሽ እየሄድሽ ነዳጁን ሙሉ ርገጪ፣ ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የታጠበ ሞተር ደሞ እኔ አልወድም፣ የሚያፈሰውን ሁሉ አጥበውልሻል።

ጋራዥ ያደገ
ኧረ የታጠበ ሁሉ ሌባ አይደለም፣ እኔም ስሸጥ አጥቤያለሁ። ነድታው ስትመለስ ከስሩ ካርቶን አንጥፋ ግማሽ ሰዓት ትጠብቅ፣ የሚያፈስ ከሆነ ካርቶኑ ይነግራታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀለሙ ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለሽ በሩንም ፓራፋንጎውንም እያስነካሽ ሂጂ፣ ላሜራው ላይ ይይዛል፣ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞሉበት ሊጥ) የበዛበት ጋ አይይዝም (ፓራውልቱ ፕላስቲክ ከሆነ እሱን ተዪው)።

የመጀመሪያዬ
ሄጄ መጣሁ። እንዳታስነሳው ብዬው ነበር፣ ኮፈኑ ግን ይፋጃል። "ባትሪው እንዳያስቸግርሽ ብዬ ነው" አለኝ። ማግኔቱ በሮቹ ላይ ያዘ፣ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ስደርስ ጠብ አለ፣ ሰውየው "ትንሽ ጭረት ነበረችበት" ብሎ ወሬ ቀየረ። ቀበቶውን ሳልስብ ተመለስኩ።

ሌላ አንድ አለ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ 240,000 የሄደ፣ ግን ባለቤቱ የሰርቪስ ደረሰኙን ሁሉ በፌስታል ሰብስቦ አስቀምጧል፣ ጠዋት ደርሼ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ቶሎ ተነሳ፣ ጭስ የለውም። ኪሎ ሜትሩ ግን አስፈራኝ።

ቴስታታ ያስወረደው
እሱን ነበር መጀመሪያ መንገር! እኔ ብሆን 240,000 በደረሰኝ ከ118,000 በወሬ እመርጣለሁ። ፌስታሉ ውስጥ የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኑ ጋ በጊዜ የሚያስኬደው ቀበቶ) የተቀየረበትን ፈልጊ፣ ቺንጋ ካለው (ሰንሰለት ያላቸውም አሉ)። ቀኑ ካልተገኘ አልተቀየረም ብለሽ ሂሳቡን ከዋጋው ላይ አስቀንሺ፣ ብዙ ሞተር ላይ እሱ ሲበጠስ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል።

ቆጣሪ አላምንም
እና ክሪክ ላይ ሳይሆን ጋራዥ ጉድጓድ ላይ አስወጥተሽ ስሩን በባትሪ እዪ፣ ሻንሲው ላይ ዝገቱን በካቻቢቴ ጫፍ ስትነኪው ከገባ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያምር ተዪው።

የመጀመሪያዬ
ሰኞ ጋራዥ ይዤው እሄዳለሁ፣ ባለቤቱ እሺ ብሏል። ያኛው ሰውዬ ደሞ አሁን ደውሎ "ዋጋ እቀንስልሻለሁ" እያለኝ ነው 😅