ታይትሬሽን ላይ የመጀመሪያው ንባብ ለምን ይበልጣል?

ሁለተኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። 25 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በፒፔት (ፈሳሽ ስቦ በልክ በሚያወጣ የመስታወት ቱቦ) እወስድና ቡሬት (ቁጥር ያለበት፣ ታች መክፈቻ ያለው ረጅም ቱቦ) ውስጥ ባለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት አደርጋለሁ፣ ማለትም አሲዱን ለመጨረስ ስንት እንደሚፈጅ እለካለሁ። የመጀመሪያው ንባብ 24.55 ሚሊ ሊትር ይመጣል፣ ከዚያ 24.15፣ 24.10። በሌላ ቀን ብሠራም ያው ነው፣ የመጀመሪያው ሁሌ ይበልጣል። ፒፔቱ ጫፍ ላይ የምትቀረውን ጠብታ እፍ ብዬ አወጣታለሁ፣ አስተማሪያችን ደግሞ አትንፉ ብሎ ይጮኻል፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረንም። ጉዱ እሷ ጋ ነው?

የላብ ሰው፦
አትንፋት ወንድሜ! ሆዱ ወጣ ያለ፣ አንድ መስመር ብቻ ያለው ፒፔት ከሆነ፣ መስመሩ የተሠመረው ጠብታዋ እንደምትቀር ታስቦ ነው። መስታወቱ ላይ ቲዲ (TD) ወይም ኤክስ (Ex) የሚል ጽሑፍ ፈልግ። 25 ማለት የሚያወጣው ነው እንጂ የሚይዘው አይደለም። ጫፉን ከፍላስኩ ግድግዳ አስነካው፣ ትንሽ ጠብቅ፣ በቃ። አናቱ ላይ ሁለት ቀለበት ያለው ግን ይነፋል፣ እሱ ሌላ ዓይነት ነው።

ሁለተኛ ዓመት፦
እህትህ ነኝ :) እሺ አልነፋም።

ቡሬት በእጄ፦
እሱ ያለው ልክ ነው፣ ግን ያንቺን ችግር አይፈታውም። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ናት፣ አንቺ የምታወሪው ስለ 0.4 ነው። ደግሞ ሁሌ ከነፋሽ ሦስቱም አብረው ከፍ ይላሉ እንጂ አንዱ ብቻውን አይዘልም። እስቲ ንገሪኝ፣ ቡሬቱን ከሞላሽ በኋላ ከመክፈቻው በታች ያለውን ጫፍ አይተሽው ታውቂያለሽ? እዚያ አየር ካለ መጀመሪያ የሚወርደው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያንን ቦታ ይሞላል፣ ፍላስኩ ውስጥ ሳይገባ ቡሬቱ ይቆጥረዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ጫፉ ሞልቷል፣ ስለዚህ ይስተካከላል። ከመነሻ ንባብሽ በፊት መክፈቻውን ባንዴ በርግጂውና ቢከር ላይ ልቀቂው፣ አየሩ ይወጣል። የሞላሽበትን ማንቆርቆሪያም (ፈነሉን) ከቡሬቱ አናት አንሺው፣ መሀል ላይ ጠብ ይልብሻል። ስታነቢ ደግሞ ዓይንሽ ከፈሳሹ ጎድጓዳ ገጽ ታችኛው ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ቁልቁል ካየሽ ቡሬት ላይ አሳንሰሽ፣ መለኪያ ሲሊንደር ላይ አብዝተሽ ነው የምታነቢው፣ የቡሬት ቁጥር ወደ ታች፣ የሲሊንደር ወደ ላይ ስለሚጨምር። እኔን ይሄ አንድ ሴሚስተር አሰቃይቶኛል።

የላብ ሰው፦
ይቅርታ እህቴ። የመጀመሪያው ሁሌ ይበልጣል ያልሽውን ዘልዬው ነው። ፒፔቱን ራሱን ከጠረጠርሽው ግን የተጣራ ውሃ አፍስሺና መዝኚው፣ 24.9 ግራም አካባቢ ሊመጣ ይገባል።

ሁለተኛ ዓመት፦
አሁን ከላብ መምጣቴ ነው። መክፈቻውን ዘግቼ ስለምሞላ ጫፉ ባዶውን ነበር! ለቅቄ ሠራሁት፦ 24.10፣ 24.15፣ 24.10። ያለፉትን ሁለት ሪፖርቶች ግን አስረክቤያቸዋለሁ።