የብስባሽ ባልዲዬ ጎረቤቴ አንሶላ ላይ አንጠባጠበ፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

ባለ በረንዳዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጣጭ በስብሶ የአፈር ማዳበሪያ (ብስባሽ) እንዲሆንልኝ በረንዳ ላይ ያስቀመጥኩት ባልዲ ከትናንት ጀምሮ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ክዳኑን ስከፍተው ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። ጥቁር ውሃው ደግሞ የታች ጎረቤቴ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ ወርዷል። ማታ ከሥራ ትመለሳለች። ኖራ ልነስንስበት?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንረዳው። ልጣጩን ወደ ብስባሽ የሚለውጡት አየር የሚሹ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ውሃ ሲበዛ አየር ያጡና ቦታቸውን ያለ አየር የሚኖሩት ይወርሱታል። የእንቁላሉ ሽታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ የእነዚያ ሥራ። እንደ ካርቶን ካለ ደረቅ ነገር በብዛት የሚገኘው የካርቦንና ከእርጥቡ ልጣጭ የሚገኘው የናይትሮጂን ምጣኔ ከ25 እስከ 30 ለ1 ቢሆን...

ሳቂታው፦ መምህር፣ ጎረቤቷ እኮ ደረጃውን እየወጣች ነው።

አፈር ወዳድ፦ ካርቶን ቀዳደሽ ጨምሪበት።

ቆጣቢው፦ ይቅርታ አድርጊልኝና ባልዲ የሚሞላ ትርፍራፊ ከየት መጣ? የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት የወጣ ነው። ብስባሽ ከመሥራት በፊት የሚበላውን ያህል ብቻ መግዛት ይቀድማል።

ባለ በረንዳዋ፦ ወንድሜ፣ የሙዝ ልጣጭ ልብላ? የምጥለው ልጣጭና የቡና አተላ ብቻ ነው። እሺ፣ ባለፈው ሳምንት የተረፈ የሥጋ ሾርባም ደፍቼበታለሁ።

አፈር ወዳድ፦ ካርቶን።

ዝምተኛዋ፦ እህቴ፣ ጉዱ ሾርባው ነው። ሥጋና ቅባት በትንሽ ባልዲ ውስጥ ይገማል፤ ዝንብም ይጠራል። ኖራውን ተዪው፤ ናይትሮጂኑን አሞኒያ የሚባል የሚሰነፍጥ ጋዝ አድርጎ ያወጣውና በአንዱ ሽታ ላይ ሌላ ይጨመርብሻል። አሁኑኑ ጋዜጣ አንጥፈሽ ገልብጪው። ቅባት የነካውን ለይተሽ ጣይ። የቀረውን እጥፍ በሚሆን የተቀደደ ካርቶን ወይም ደረቅ ቅጠል አገላብጪው። በጓንት ጨብጠሽ ስትጨምቂው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ከፈሰሰ ካርቶን ይጎድለዋል። ትሉ የዝንብ እጭ ነው፤ አይነክስም። ላዩን በደረቅ ነገር ካለበስሽው ዝንቧ እንቁላል የምትጥልበት ታጣለች። ባልዲው ከታች ቀዳዳ አለው?

ባለ በረንዳዋ፦ የለውም። ተሰንጥቆ ነው የሚያፈሰው።

ዝምተኛዋ፦ እንግዲያውስ ሌላ ባልዲ ፈልጊ፤ ሥሩንና ጎኑን ብሺው፤ ከበታቹ ሰፋ ያለ ሳህን አኑሪ። አንሶላውን ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው።

ቆጣቢው፦ የሰው አንሶላ ያለ ፈቃድ ከገመድ አውርዳ?

ሳቂታው፦ ከነእድፉ ተሰቅሎ ከሚጠብቃት ይሻላል። ብስባሹ ሲደርስ ግማሹን ለአበባዋ ትስጣት፤ ካሣ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ሲደርስ የዝናብ አፈር ይሸታል። ጥቂት ወራት ይፈጃልና አትቸኩዪ።

ባለ በረንዳዋ፦ ካርቶን እየቀደድኩ ነው። አንሶላውን ዘፍዝፌዋለሁ፤ ውሃው ቡና መስሏል። በሩ ተንኳኳ፤ እመለሳለሁ።

አፈር ወዳድ፦ ካርቶኑን ትንንሽ አድርጊው።

ሳቂታው፦ ሦስተኛ ቀን ሆነ። እህታችን፣ በሕይወት አለሽ?