የጋዝ ናሙና መውሰጃ ሲሊንደሬ ቫኩም አልይዝ አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ጅማ ነው። ከእሸት ቡና ልጣጭ የሚወጣ ባዮጋዝ ናሙና በ500 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ጫፉ ላይ ቫልቭ ባለው ሲሊንደር ወስጄ ለምርመራ እልካለሁ። የተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ ላይ ግፊቱ ብዙ ስለሆነ እየሞሉ እየለቀቁ አየሩን ጠርጎ ማስወጣት ይቻላል። የእኛ ጋዝ ግን ግፊቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ ቀድሜ በፓምፕ ባዶ አደርገዋለሁ።

የቫኩም ጌጁ (የውጭውን አየር ዜሮ ብሎ ከዚያ በታች ያለውን ግፊት የሚያሳየው መለኪያ) ከ-0.8 ባር በታች አልወርድም ሲል መጀመሪያ ፓምፑን ጠረጠርኩ። ኋላ ሳስበው ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት ራሱ ከ0.82 ባር ብዙም አያልፍም። እሱስ ደህና። ጭንቄ ሌላ ነው፤ ጌጁን እንደታሰረ ባሳድረው ጠዋት -0.6 ላይ አገኘዋለሁ። ያለፈው ናሙና ውጤትም ኦክስጅን 4፣ ናይትሮጅን 15 በመቶ ነበር። ምጣኔው የአየር ስለሆነ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። የእጥበት ውሃ ቀርቶ ነው እንዳልል፣ በ20 ዲግሪ የውሃ እንፋሎት 0.02 ባር ገደማ ብቻ ነው።

ቴፍሎኑን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ትናንት 5 ባር አየር ሞልቼ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። የጌጁ በኩል ቫልቭ ክፍት ሳለ ከእጀታው ሥር ሰናፍጭ የምታክል አረፋ ቀስ እያለች ትወጣለች፤ ስዘጋው ትቆማለች።

እባካችሁ፣ የእጀታውን ማጥበቂያ ብሎን ትንሽ ማጥበቅ ይበቃል ወይስ የውስጡ ማሸጊያ መቀየር አለበት? ናሙና ስሞላ ቫልቩ መከፈቱ ስለማይቀር፣ አየሩ የሚገባው በዚያች ቅጽበት ይሆን? ቀጣዩ ናሙና ሐሙስ ነው።