ካጋም የተጠጋ ቁልቋል፦ የተጠጋው ማነው?

ጠያቂ፦ «ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ሲባል ቢሮ ውስጥ ሰማሁ። ነገሩ ለአለቃችን ነበር። መልእክቱ ገብቶኛል፤ ግን ከተማ ስላደግሁ አጋምን አላውቀውም። እንቧይ ነው እንዴ? ቁልቋልስ እንዴት ያለቅሳል?

መላሽ፣ ከጎንደር፦ እንቧይማ ሌላ ነው። ፍሬው ድቡልቡል ስለሆነ ቢክቡት ይናዳል፤ «የእንቧይ ካብ» የምንለው ለዚያ ነው።

አጋም እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ደረቅ መሬት አይበግረውም። ቢቆርጡትም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። አበባው ነጭ ሆኖ ሮዝ ጣል ያለበት ነው፣ ሽታው ያውዳል። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ጠቁሮ ሲለሰልስ ይበላል። እረኛ ሆኖ አጋም ያልለቀመ የለም፤ እጁን ሳይቧጨር የለቀመም የለም። ቅርንጫፉ አጥር ይሆናል። ሥሩን ለቡዳ ብለው የሚያጨሱትም አሉ። ይሠራል ወይ አትበሉኝ።

ቁልቋል ደግሞ ገላው ስስ ነው። ጫር ካደረጉት ነጭ ወተት ያፈሳል። (ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ ክፉኛ ያቃጥላል።) ነፋስ በመጣ ቁጥር የአጋሙ እሾህ ይወጋዋል፣ ወተቱም በግንዱ ይወርዳል። እንባ የተባለው ይሄ ነው።

ለእኔ ዋናው ቃል «የተጠጋ» ነው። መጠጋት ከለላ ፈልጎ መሄድም ነው፤ «ጥገኛ» ከዚሁ ነው የወጣው። ስለዚህ ተረቱ አጋምን ብቻ አይወቅስም። ቁልቋሉንም «ማን ሂድ አለህ?» ይለዋል።

ሌላ አባል፣ ከደምቢያ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይስ አልስማማም። ቁልቋሉን ለአጥር የተከልነው እኛ ነን። አጋሙን ወፍ ፍሬውን በልታ ከሥሩ ትጥልለታለች። የተጠጋውማ አጋሙ ነው!

መላሽ፦ በአጥሩ በኩል ልክ ነህ። በአነጋገሩ ግን ሰው የሚተርተው ክፉ ጌታ ላደረ፣ ክፉ ጎረቤት ለገጠመው ነው። ደግሞ አጋምም ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል። ለሱ ግን ማንም አልተረተለት።

ጠያቂ፦ እና አለቃዬን የተጠጋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?

መላሽ፦ ማመልከቻ ያስገባኸው አንተ አይደለህ?