በሂት ስትሮክ (ሰውነት ከልክ በላይ ግሎ አንጎልን በሚያውክ ሕመም) የመጣን ሕመምተኛ በአነስተኛ ሆስፒታል እንዴት እናቀዝቅዝ?

ጠያቂ (የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ መተማ አካባቢ)፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በሰሊጥ አረም ወቅት ከደጋ የወረዱና የቆላውን ሙቀት ያልለመዱ የቀን ሠራተኞች ሰውነታቸው እየነደደ፣ እየቃዡ ወይም ራሳቸውን ስተው ወደ ሆስፒታላችን ይመጣሉ። በእጃችን ያለው የውኃ በርሜል፣ ሁለት ማራገቢያ፣ የክትባት አይስፓክና ከከተማ የሚገዛ በረዶ ነው። በዚህ አቅም የትኛውን የማቀዝቀዣ ዘዴ እናስቀድም? ሙቀቱ ስንት ሲደርስ እናቁም? የትኩሳት ማውረጃ መድኃኒትስ ይጠቅማል?

መልስ 1 (የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም)፦
ሙቀቱን በፊንጢጣ ይለኩ፤ በብብት የሚለካው ከውስጠኛው የሰውነት ሙቀት በብዙ ሊያንስ ስለሚችል ያዘናጋል። ውስጠኛው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ሕመምተኛው ከቃዠ፣ ካንፈራገጠው ወይም ራሱን ከሳተ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቁ ማቀዝቀዝ ይጀምሩ፤ ግቡም በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ39 ዲግሪ በታች ማድረስ ነው። የገለጿቸው ሰዎች ሥራ ላይ ሳሉ የወደቁ ወጣቶች በመሆናቸው የሚመረጠው በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ነው፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳልና።

ገንዳ የለንም ብለው ዘዴውን አይተዉት። ልብሱን አውልቀው ሕመምተኛውን በሰፊ የእህል ማስጫ ሸራ ላይ ያስተኙት፤ አራት ሰዎች ጠርዙን ከፍ አድርገው ይያዙ፤ ከበርሜሉ ውኃና በረዶ ጨምረው ውኃው ሰውነቱ ላይ እንዲመላለስ ሸራውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት። አንድ ባለሙያ ከራስጌው ሆኖ የአየር መተላለፊያውን ብቻ ይጠብቅ፤ በሥራው መካከል ማስመለስ የተለመደ ነው። ሙቀቱ ወደ 38.5 ሲቃረብ አውጥተው ያድርቁት፤ ከወጣም በኋላ መውረዱን ስለሚቀጥል እስከ 37 መጠበቅ ያለ ልክ ያቀዘቅዘዋል። አይስፓክ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ማድረግ ይረዳል፤ ብቻውን ግን ዘገምተኛ ነው።

መልስ 2 (ጤና መኮንን፣ አፋር)፦
ለአረጋውያንና የልብ ሕመም ላለባቸው እኛ የምንጠቀመው ለብ ያለ ውኃ ራቁት ገላ ላይ እየረጩ በማራገቢያ ማናፈስን ነው። በመካ ለሐጅ ተጓዦች የተሠራው የማቀዝቀዣ አልጋ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው፤ 15 ዲግሪ የሆነ ውኃ በጭጋግ መልክ እየረጨ 45 ዲግሪ ገደማ የሆነ አየር ያናፍሳል። አየሩ ሞቃት የሆነው ቆዳው ቀዝቅዞ የደም ሥሮቹ እንዳይጠብቡ ነው። ሕመምተኛውን በእርጥብ አንሶላ አይጠቅልሉት፤ ትነቱን ያፍነዋል። ይሁን እንጂ የእናንተ የአረም ወቅት ክረምት ላይ ስለሚውልና አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ ይህ ዘዴ እንደ አፋር ደረቅ አየር አይሠራላችሁም፤ ስለዚህ ከላይ በተሰጠው የሸራ ምክር እስማማለሁ።

መልስ 3 (ፋርማሲስት)፦
ፓራሲታሞልም ሆነ ዳይክሎፌናክ አይስጡ። በኢንፌክሽን ትኩሳት ጊዜ አንጎል የሙቀቱን ልክ ከፍ ስለሚያደርግ መድኃኒቱ ይሠራል፤ በሂት ስትሮክ ግን ልኩ አልተቀየረም፤ ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶታል። የተጎዱትን ጉበትና ኩላሊት ተጨማሪ ጉዳት ላይ መጣል ይሆናል። ካንፈራገጠው ወይም ቅዝቃዜው ክፉኛ ካንዘፈዘፈው፣ አተነፋፈሱን እየተከታተሉ ዳያዜፓም (ማረጋጊያ መድኃኒት) በደም ሥር መስጠት ይቻላል።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። አካባቢያችን ወባማ በመሆኑ ሂት ስትሮክን ከወባ ለመለየት እንቸገራለን። ሪፈር የምንለውስ መቼ ነው?

መልስ 1፦
የደም ስኳርና የወባ ምርመራ ከማቀዝቀዙ ጎን ለጎን ይሠራ፤ ወባ ከተገኘ አርቴሱኔት ይጀመር፤ ማጅራት ገትርን ማስወገድ ካልተቻለም አንቲባዮቲክ አይዘግይ። ሪፈርን በተመለከተ፣ በአቅራቢያ የሚቀበል ከፍተኛ ሆስፒታል ቢኖርም እንኳ በመጀመሪያ አቀዝቅዘው ከዚያ ይላኩ፤ አምቡላንስ ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት አንጎሉ የሚጎዳበት ሰዓት ነው። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አስገብተው የሽንቱን ቀለምና መጠን ይከታተሉ። ኮካ ኮላ የመሰለ ሽንት የጡንቻ መፈራረስ ምልክት ስለሆነ ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) ሳንባው ውኃ እንዳይቋጥር እያዳመጡ ይስጡ፤ ሽንቱ ካልመጣ ዲያሊሲስ (ኩላሊትን ተክቶ ደም የሚያጣራ ሕክምና) ወዳለበት ይላኩት። የነቃውንም በዚያው ቀን ወደ ማሳው አይመልሱት፤ የጉበት ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው።