ፖርሽ 911 ወይስ ቢኤምደብሊው ኤም3? ምከሩኝ

መኪና የምታውቁ ወገኖች፣ በጣም ግራ ገብቶኛል። የምኖረው ለገጣፎ ነው። አገር ውስጥ ያሉ ሁለት ባለሁለት በር መኪኖች ለሽያጭ አግኝቻለሁ። አንዱ ፖርሽ 911 ነው፣ 996 የሚባለው፣ ባለ 3.4 ሊትር። ሌላው ቢኤምደብሊው ኤም3 ኢ46፣ 343 የፈረስ ጉልበት ያለው።

ልቤ ኤም3 ላይ ነው። ሞተሩ እስከ 8000 ዙር ሲወጣ ድምፁ ያስደነግጣል! ግን የዚህ ሞዴል የኋላ ወለል የመሰንጠቅ ችግር አለበት። ከሥሩ ገብቼ በባትሪ ሳየው፣ የኋላ እግሩን ተሸካሚ ብረት ከወለሉ ጋር የሚያስረው ብሎን አጠገብ ፀጉር የምታክል መስመር አለች። ስንጥቅ ትሁን የቀለም ጭረት መለየት አቃተኝ። ስንጥቅ ከሆነችስ፣ ላሜራ ደርቦ መበየድ በኛ ኮረኮንች ይዘልቃል?

ፖርሹ ደግሞ አይኤምኤስ የሚሉት፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው የመካከለኛ ዘንግ ኩሽኔታ ያሰጋል። እሱ ከተሰበረ ሞተሩ አለቀለት። የዘይት ፊልትሮውን ፈትቶ የብረት ብናኝ መፈለግ በቂ ነው? እባካችሁ፣ ሁለቱንም በእጁ የሠራ መካኒክ ጠቁሙኝ።