ሃረጎ ላይ የጮኸው ልጅ፦ አሳዳጊ በድሎት ነው ወይስ ዘሩ ስቦት?

ጠያቂዋ (ደሴ)፦ ትናንት ከኮምቦልቻ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ የሃረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር የአምስት ዓመቱ ልጄ ስልክሽን ካልሰጠሽኝ ብሎ ተነሣ። እምቢ አልኩት። ጮኸ። የፊተኛውን ወንበር በእግሩ ይደበድብ ጀመር። አሁንም እምቢ አልኩ። የሰው ዓይን ሲበዛብኝ ሰጠሁት፤ ወዲያው ዝም አለ። ከኋላ አንዲት እናት «አሳዳጊ የበደለው!» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ደግሞ «ተይ እንጂ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው መለሱላቸው። ደሴ እስክንገባ እኔን እንደሌለሁ ቆጥረው ተከራከሩ። የባሰ ያናደዱኝ ሁለተኛዋ ናቸው፤ አባቱ ግልፍተኛ መሆኑን ማን ነገራቸው? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ አትቀየሚኝና የመጀመሪያዋ እናት ልክ ናቸው። እኛ ስናድግ እንግዳ ፊት እናታችን በዓይኗ ካየችን በቃ ነበር። ካጠፋን ቁንጥጫ፣ ከባሰም በርበሬ እንታጠናለን። ዘረመል ምናምን የሚል አልነበረም።

የመንታ እናት (ሐይቅ)፦ በርበሬ የታጠነው ወንድሜ ዛሬም ሰው ፊት ይሳደባል። እኔ መንታ ነው የወለድኩት፣ ሴትና ወንድ። አንድ ጡት ጠብተው ነው ያደጉት። ሠርግ ቤት ስንሄድ እሷ ሥሬ ተቀምጣ ቆሎዋን ትቆረጥማለች፤ እሱ የድንኳኑን ገመድ ሲፈታ ይያዛል። አስተዳደግ ከሆነ የትኛውን ነው ያላሳደግኩት? የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ!

የሦስት ልጆች አባት፦ እሷን «ሴት ልጅ ቁጭ ትላለች» ስትያት፣ እሱን «ወንድ ነው ይጫወት» ብለሽው ነዋ።

የመንታ እናት፦ አልዋሽም፣ ብያለሁ።

የሥነ ልቦና ተማሪ (ደሴ)፦ ወንድና ሴት መንታ በዘረመል እንደማንኛውም እህትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩን አይፈቱትም። ተመራማሪዎች የሚያነጻጽሩት ከአንድ እንቁላል የተገኙትን ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ከሌሎቹ መንትዮች ጋር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሥራ የ50 ዓመት የመንትያ ጥናቶችን፣ 2,748 ጽሑፎችን፣ ደምሮ ነበር። በሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት የውርስ ድርሻ በአማካይ 49 በመቶ ሆነ፤ ከቁመት እስከ ጠባይ ሁሉንም ይዞ። ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ልዩነት ነው እንጂ፣ የዚህ ልጅ ርግጫ ግማሹ ካባቱ መጣ ማለት አይደለም።

ጠያቂዋ፦ አይ! እኔ ደግሞ ግማሹን ላባቱ ላሸክመው ነበር።

ጡረተኛ መምህር (ደሴ)፦ ልጄ፣ ዘሩንም አስተዳደጉንም ለጊዜው ተዪና ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን እዪ። ሁለቴ እምቢ ብለሽ በሦስተኛው ሰጠሽው። ልጁ ምን ተማረ? ያንቺ «እምቢ» ትርጉሙ «ትንሽ ጨምር» መሆኑን። አንቺም ተምረሻል፤ ስትሰጪው ዝም ስላለ ነገም ትሰጪዋለሽ። ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ወላጅና ልጅ በቤታቸው ሲነታረኩ እያስመዘገበ ያሳየው ይህንኑ ነው። ዘሩ የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዝምተኛ ሆኖ የተወለደው ይህን ንግድ ሳይሞክረው ያልፋል፤ ቁጡው ገና በጧቱ ይደርስበታል፣ ትርፉንም ያያል።

የሦስት ልጆች አባት፦ እንግዲያው ጋሼ፣ ቁንጥጫው ትክክል ነበር ማለት ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ ቁንጥጫውም ያው ንግድ ነው። ስትቆነጥጠው ዝም ስለሚልህ ሌላ ጊዜ አጥብቀህ ትቆነጥጣለህ። አለንጋ ይዤ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር ክፍሉ ገበያ ይሆን ነበር።

ጠያቂዋ፦ ቅዳሜ ተመልሰን ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ስልኩን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ከላይ አስጭነዋለሁ። ግን ሃረጎን በሙሉ ቢጮህስ?

ጡረተኛ መምህር፦ ይጮሃል። መጀመሪያ ላይ ከወትሮውም ይብሳል፤ የለመደው ገበያ ተዘግቶበታላ። አትስጪው። ቆሎ ያዢለት።

የሦስት ልጆች አባት፦ ጋሼ፣ ቆሎውስ ጉቦ አይደለም?

ጡረተኛ መምህር፦ ሳይጮህ ከተሰጠው አይደለም።

ጠያቂዋ፦ ለተሳፋሪዎቹም እይዛለሁ።